ከወንበሩ በፊት መስኮቱ፦ በላስታ ቤት ውስጥ የሥራ ክፍል ማሰናዳት

ላሊበላ ውስጥ ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ጥቂት አይደለም። ለከርሞ ከሚመጣ ቱሪስት ጋር የሚጻጻፍ አስጎብኚ አለ፤ የእንግዳ ማረፊያ ሒሳብ የሚይዝ አለ፤ በርቀት የሚማር መምህር፣ ከአዲስ አበባ ሥራ ተልኮለት የሚተረጉም ሰውም አለ። ብዙው የሚሠራው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰብሮ ነው። ይህ መመሪያ ለእሱ የተጻፈ ነው። ከተማው ውስጥ ይኑር፣ ሹምሽሃ ወይም ነአኩቶ ለአብ አካባቢ፣ ነገሩ ብዙ አይለያይም።

ሰው ቤቴ ውስጥ ቢሮ ላሰናዳ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ጠረጴዛና ወንበር ነው። በደጋው ቤት ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። በቅድሚያ የብርሃኑ አቅጣጫ ይታያል፤ ከዚያ ግድግዳው፣ ከዚያ መቀመጫው፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ ነገር። ወንበር ቢከፋ ይለወጣል። መስኮት አይዛወርም፣ ከተራራው ጋር የተያያዘ ግድግዳም አይነቀልም።

ብርሃኑን ማወቅ

ዕቃ ከማንቀሳቀስዎ በፊት አንድ ቀን ይስጡት። ጥርት ያለ ቀን መርጠው ጠዋት በ2፣ ረፋድ በ4፣ ቀትር በ6፣ ከዚያ በ9 እና በ11 ሰዓት ፀሐይ ገብታ ወለሉና ግድግዳው ላይ የምታርፍበትን ዳርቻ በከሰል ወይም በጠመኔ ያስምሩ። ማታ ላይ ከመስመሮቹ ሁሉ ያመለጠው ጥግ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ስክሪኑ የሚቀመጠው እዚያ ወይም ለዚያ በሚቀርበው ቦታ ነው።

ይህ በየወሩ እንደሚለዋወጥም ይወቁ። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ከአናት አለፍ ብላ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ናት፤ ታኅሣሥ ላይ ዝቅ ስለምትል በደቡብ መስኮት ወደ ቤት ውስጥ ዘልቃ ትገባለች። ስለዚህ የሰሜን መስኮት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። በበጋ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኘውም፣ ብርሃኑ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አይዋዥቅም። ፀሐይ ወደ ሰሜን ከምታዘነብልበት ጊዜም ግማሽ ያህሉ ክረምት ስለሆነ ደመናው ራሱ ይጋርዳል። የምሥራቅ መስኮት ጠዋት፣ የምዕራብ መስኮት ከሰዓት በኋላ ዓይን ይወጋል፤ በዚህ ከፍታ የፀሐይ ጉልበት ከቆላው እንደሚበረታ ነዋሪው ያውቃል። ያለዎት የደቡብ መስኮት ብቻ ከሆነ አይናቁት። በብርዱ ወራት እግርን ፀሐይ ላይ፣ ስክሪንን ጥላ ውስጥ አድርጎ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው።

መስኮቱ የትም ይሁን የት፣ በጎንዎ በኩል ይሁን። ከፊት ለፊት ከሆነ ዓይን በውጭው ብርሃንና በስክሪኑ መካከል ሲመላለስ ይደክማል፤ ከኋላ ከሆነ ስክሪኑ ላይ የሚያዩት የራስዎን ጥላና የመስኮቱን ነጸብራቅ ነው። በእጅ የሚጽፉ ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ከሆኑ በግራ በኩል ይሻላል፤ የእጅዎ ጥላ ጽሑፉ ላይ አይወድቅም።

በጥንቱ ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት የሚኖሩ ሰዎች መስኮቱ ጠበበን ማለታቸው አይቀርም። እውነት ነው፣ ግን ለማስፋት ብለው ድንጋይ አይንቀሉ፤ በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ አንዴ ከተናጋ መመለሻ የለውም። ይልቅ የመስኮቱን የውስጥ ጎንና ጎን ወደ ክፍሉ እየሰፋ እንዲመጣ በጭቃ ያስለስኑትና ኖራ ያስቀቡት። ትይዩ ያለውንም ግድግዳ ኖራ ያስቀቡ። ወፍራም ግድግዳ ብርሃን ይበላል፤ ኖራው የበላውን ይመልሳል። ምርጫ ካለዎት ደግሞ ከደርቡ ላይ ይሁኑ፦ ደረቅም ነው፣ ብርሃናማም ነው። ችግሩ የታችኛው ቤት ጭስ በወለሉ ስንጥቅ መውጣቱ ነው። ጭስና አመድ የላፕቶፑን ማራገቢያ ስለሚደፍኑ ስንጥቁ ይደፈን።

ግድግዳውን መጠርጠር

ነአኩቶ ለአብን የተሳለመ ሰው አንድ ነገር አይቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ከገደሉ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ከታች በተቀመጡት የድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀምና ጠበል ይሆናል። የዚህ አገር ድንጋይ ውኃ ያሳልፋል። እዚያ ለበረከት የሚወርደው ውኃ፣ ተዳፋት ተቆፍሮ በተሠራ ቤት ውስጥ ደግሞ የጀርባውን ግድግዳ እያረጠበ ወረቀት ያሻግታል፣ ሶኬት ያበላሻል። ላስታ ደግሞ ተዳፋት ያልሆነ ቦታ የላትም ማለት ይቻላል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ቀለም የሌለው ፌስታል ቀድደው የክንድ ያህል ስፋቱን ግድግዳው ላይ ይለጥፉ፤ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አየር እንዳይገባው አድርገው ይድፈኑትና ለሁለት ቀን ይተዉት። ሲያወልቁት ከግድግዳው ወገን ያለው ፊት ጠብታ ካዘለ ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። ጠብታው በክፍሉ ወገን ከሆነ ግን የረጠበው የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ይበቃዋል። በበጋ ለሚፈትኑ ሰዎች ሌላም ምልክት አለ፦ ልስኑ እየተላጠ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካበቀለ ያ ግድግዳ ክረምት ላይ አያስተማምንም።

የሚያልበው ግድግዳ አጠገብ ጠረጴዛም የመጽሐፍ መደርደሪያም አያስጠጉ። ሌላ ቦታ ከሌለ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁና አየር ይዙርበት። ከቤቱ በላይ በኩል ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ከሰኔ በፊት መጠረጉ ደግሞ ከየትኛውም ቀለም የበለጠ ይጠቅማል።

ጣሪያዎ ቆርቆሮ ከሆነ የሚያስቸግረው ድምፁ ነው። ዶፍ ሲወርድ፣ ይልቁንም በረዶ ሲቀላቀልበት፣ ስልክ ማነጋገር አይታሰብም። ኮርኒስ ያለው ቤት ይቀልለዋል። ከሌለ የክረምት ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የድምፅ ቀጠሮዎን ረፋድ ላይ ያድርጉ፤ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫም ይያዙ።

ሳንቃና መቀመጫ

አሁን አናጢው ይጠራ። ከመጥራትዎ በፊት ግን ልክዎን ይውሰዱ። እግርዎ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ አርፎ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ክንድዎን በቀጤ ማዕዘን አጥፈው ይያዙ፣ ከወለሉ እስከ ክርንዎ ያለውን ሰው ይለካልዎ። የጠረጴዛው ከፍታ እሱ ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ጠረጴዛ ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አጠር ላለ ሰው 68 ሊበቃው ይችላል። ያንን እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ልዩነት ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ትከሻ ነው።

ጠረጴዛ ሙሉ ማሠራትም ግድ አይደለም። 120 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 3 የሚደርስ ሳንቃ ይበቃል። ጽድ ከተገኘ እሰየው። ባህር ዛፍ ከሆነ የደረቀ መሆኑን ያረጋግጡ፤ እርጥቡ ከወራት በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቺፕውድ ርካሽና ልስልስ ነው፤ አንድ ክረምት ላብ ካገኘው ግን ጠርዙ ያብጣል፣ ብሎኑም ይለቃል።

የጭቃ ወለል ልክ ስለማይሆን አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ይወላገዳል። በርጩማ በሦስት እግር የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሦስት እግር የትም ቢያርፍ አይነቃነቅም። ስለዚህ የሳንቃውን የኋላ ጠርዝ ከሌላ ክፍል ጋር በሚያዋስነው ደረቅ የውስጥ ግድግዳ ላይ በተመታ ጣውላ ላይ ያሳርፉት፤ ከፊት ሁለት እግር ብቻ ይስጡት። የሚያጥረው እግር ሥር ሽብልቅ ይግባበት። ወለሉ በተለቀለቀ ቁጥር ሽብልቁን ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ነው።

መቀመጫውን በተመለከተ መደብ ያለው ቤት ወንበር ላያስፈልገው ይችላል። የመቀመጫ ትክክለኛ ከፍታ ከወለል እስከ ጉልበት ማጠፊያዎ ያለው ነው፤ ለብዙ ሰው ከ42 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር። የብዙ ቤት መደብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጉድለቱ ጥልቀቱ ነው፦ ለመተኛትም ስለሚሠራ ወደኋላ ብዙ ይሄዳል፣ ጀርባ የሚደገፍበት ያጣል። ከኋላዎ በጭድ ወይም በጨርቅ በደንብ የታጨቀ ትራስ ይደግፉ። ወደኋላ ተጠግተው ሲቀመጡ ከጉልበትዎ ማጠፊያ እስከ መደቡ ጫፍ ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ከቀረ ልክ ነው። ከላዩ አጎዛ ያንጥፉበት፤ ከስፖንጅ ይልቅ ይሞቃል፣ ቶሎም አይሟሽሽም።

የላፕቶፕ ትልቁ ጉድለት ስክሪኑና መጻፊያው አንድ ላይ መጣበቃቸው ነው። እጅ ሲመቸው አንገት ይጎብጣል፣ አንገት ሲቃና እጅ ይንጠለጠላል። መፍትሔው ስክሪኑን ከፍ አድርጎ ሌላ ኪቦርድና ማውዝ መሰካት ነው። ማስቀመጫውን ከውጭ አይፈልጉ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትሮንስ አለልዎ። ድጓን የመሰለ ከባድ መጽሐፍ አንባቢው ሳይጎብጥ እንዲያየው አዘንብሎ የሚይዘው ያ ተጣጣፊ እንጨት ለላፕቶፕም ልክ ነው። እንጨት ጠራቢ ካወቁ አነስ ያለ ያሠሩ፤ ከታች በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ከንፈር ይኑረው፣ የስክሪኑ የላይ ጠርዝ ከዓይንዎ ትይዩ እስኪደርስ ከፍ ይበል። መካከሉ ክፍት መሆኑ ሌላ ጥቅም አለው። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያገኘው አየር ትንሽ ነው፤ ላፕቶፕ አጎዛ ወይም ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ይብስ ይግላል። ስክሪኑ ከዓይን የሚርቀው ክንድ ተዘርግቶ እስከሚነካው ያህል ይሁን።

ስለ ብርድም ልንገርዎ። ማታ የሚሠራ ሰው በር ዘግቶ የከሰል ምድጃ እግሩ ሥር ማስጠጋት ይወዳል። አያድርጉት። ከሰል ከነደደ በኋላ ጭስ ባይታይበትም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። መስኮቱና በሩ አየር እንዳያስገቡ በጨርቅ የተደፈኑበት ቤት ከሁሉ የከፋው ነው። ጋቢ ጉልበት ላይ፣ ካልሲ እግር ላይ፣ ሙቅ ውኃ በፔርሙስ ይሁን።

መብራት ሲሄድ

እዚህ አካባቢ ቢሮ የሚለካው መብራት በሌለበት ቀን ነው። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላን ሲያገኛት መብራቱ ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ የሚረሳ የለም። የዕለት ተዕለቱ መቆራረጥ ደግሞ ከዚያ በፊትም ነበረ። ስለዚህ ሶላርና ባትሪ ቅንጦት አይደሉም፤ ግን ሻጭ ያለውን ሁሉ ከመስማትዎ በፊት ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት።

ላፕቶፕ በአማካይ 30 ዋት ይበላል፤ በ6 ሰዓት 180 ዋት-ሰዓት ነው። ዋይፋይ ራውተር 10 ዋት ቢሆን በ8 ሰዓት 80 ይሆናል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ለ4 ሰዓት 36። ድምሩ 300 ሊሞላ ምንም አይቀረው። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሚል ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ከግማሽ በላይ እንዲጎድል ማድረግ ዕድሜውን ማሳጠር ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ 600 ነው፣ የሁለት ቀን ሥራ። ሊቲየሙ እስከ 80 በመቶ ስለሚሰጥ ሦስት ቀን ያደርሳል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። የመኪና ባትሪ ርካሽ መስሎ ይታያል፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ እያለ ተሟጦ ለመሞላት ስላልሆነ ቶሎ ይሞታል። የሊድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ መኝታ ክፍልም እሳት አጠገብም አይቀመጥ።

ባለ 100 ዋት ፓኔል በበጋ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ፣ በሽቦና በመሙያ የሚባክነው ተቀንሶ 350 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ለበጋ ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ግማሽ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ፓኔል ይሻላል። ፊቱን ወደ ደቡብ አድርገው 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብሉት፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል። በየሳምንቱ በጨርቅ መጥረግ ለበጋው ነው። ከፓኔሉ አንዷ ጥግ ላይ የባህር ዛፍ ጥላ ቢያርፍባት እንኳ የሙሉውን ምርት ብዙ ይቀንሳል። ስልክና ላፕቶፕ በቀጥታ ከ12 ቮልቱ የሚሞላበት ቻርጀር ካገኙ ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን ያተርፋሉ።

አቅም ለሌለው ሰው ፓወር ባንክ አለ፤ ቁጥሩ ግን አያታልልዎ። 20,000 የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ነው፣ ከብክነት በኋላ ላፕቶፕን ሁለት ሰዓት ቢያቆይ ነው። ፋይል ጨርሶ ለመላክ ይበቃል።

መብራት ሲመለስ ጉልበቱ ስለሚዋዥቅ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ሳይኖር ኮምፒውተር አይሰኩ። መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ሁሉንም ከሶኬት ይንቀሉ። ዲቫይደሩን በማብሪያ ማጥፊያው ማጥፋት ከመብረቅ አያድንም።

ኔትወርክና ሰዓት

ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ሁለቱም ኔትወርክ ያዳክማሉ። ስልክዎን ይዘው ክፍሉን ይዙሩ፤ ጠዋትም ማታም ይሞክሩ። ብዙ ጊዜ የሚሻለው ወደ አንቴናው የሚያይ መስኮት ነው። ስልኩን እዚያ አስቀምጠው በሆትስፖት መጠቀም፣ ቢሮውን ከመስኮቱ ማራቅ ካስፈለገም ዘዴ ነው። ዳታው ጭራሽ የሚጠፋበት ጊዜም መጥቶ ያውቃል፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወራት ቆይቷል። ሥራዎ ሁሉ በኢንተርኔት ብቻ የሚከፈት ከሆነ ያን ጊዜ ቢሮም ሥራም የለዎትም። ሰነዱ ኮምፒውተሩ ላይ ይኑር፣ ግልባጩ ፍላሽ ላይ፣ ሌላው ግልባጭ በዘመድ ቤት።

ከፈረንጅ ጋር ቀጠሮ ሲይዙ «ነገ በ3 ሰዓት» የሚል መልእክት አይላኩ፤ 09:00፣ የአዲስ አበባ ሰዓት ብለው ይጻፉ። እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ። ፓሪስና ሮም በበጋቸው ከእኛ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው 2 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ኒው ዮርክ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ የእነሱ የሥራ መግቢያ እንደ ወቅቱ ለእኛ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ይውላል። የክረምቱ ዶፍና የአሜሪካኖቹ ቀጠሮ አንድ ላይ የሚገጥሙትም ያኔ ነው። መጋቢትና ጥቅምት ላይ ቀጠሮዎን ደግመው ይዩ።

ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር መስማማት

ቤቱ የተገኘ ሰው በእኛ ዘንድ ሥራ እንደፈታ ይቆጠራል። «እቤት አይደለህ እንዴ፣ እስቲ ገበያ ድረስ አብረን» ይባላል። ይህን በር በመዝጋት ብቻ አይፈቱትም፤ የሚያስቀይም ነገር ነው። ሰዓትዎን ይንገሩ። ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሥራ ላይ እንደሆኑ፣ ቡናው በ10 ሰዓት እንደሚደርስዎት ለቤቱም ለጎረቤቱም አስቀድመው ይንገሩ። በቡናው ሰዓት ደግሞ በእርግጥ ይገኙ። አቦሉን ጠጥቶ ለሥራ መነሳት ማንንም አያስቀይምም፤ ጭራሽ አለመምጣት ነው የሚያስቀይመው። ለቅሶ ከሆነ ሥራው ይቆያል፤ የውጭ ደንበኛዎ ይህን የሚረዳው አስቀድመው ካስረዱት ነው።

የገና ሰሞን ብቻውን መታሰብ አለበት። ከተማው በተሳላሚ ይሞላል፣ ቤቱ በእንግዳ፤ የሥራ ክፍልዎም መኝታ ይሆናል። ለዚህ ሁሉም ነገር ተሰብስቦ የሚቆለፍበት አንድ የእንጨት ሣጥን ያሠሩ፦ ላፕቶፕ፣ ሽቦ፣ ደብተር፣ አትሮንሱ ጭምር። ሳንቃው የምግብ ማቅረቢያ ይሁን። ትልቅ ፋይል መላክ ካለብዎ ከታኅሣሥ 20 በፊት ይጨርሱት፤ ያን ያህል ሕዝብ ስልክ ይዞ በአንድ ከተማ ሲገኝ ኔትወርኩ መጨናነቁ አይቀርም።

የግዢው ተራ

ገንዘቡ ሁሉን አንዴ ካልቻለ በመጀመሪያ ሳንቃው፣ ትራሱና አትሮንሱ ይሠሩ፤ ሦስቱም እዚሁ ስለሚሠሩ ርካሾች ናቸው። ቀጥሎ ኪቦርድና ማውዝ። ከዚያ አምፖልና ስታቢላይዘር። ባትሪና ፓኔል ወልድያ ወይም ደሴ ሲወርዱ፣ ከላይ ያለውን ሒሳብ በወረቀት ይዘው የሚገዙ ይሁኑ፤ ሲገዙም ባትሪውን አስለክተው ይቀበሉ። ትልቅ ስክሪን ከእነዚህ በኋላ ነው። ጎማ ያለውና የሚሽከረከረው የቆዳ ወንበር የመጨረሻው ነው፤ ጭቃ ወለል ላይ ጎማው ይሰምጣል፣ ለቅለቃውንም ይልጠዋል። ከገዙት ወይም ከሰጡዎት ጎማዎቹን አውልቀው ሥሩ ሳንቃ ያንጥፉለት።